ድምፁን ዝቅ ያደረገበት ፊልም



ዛሬ የምናወራው ስለ ስፔናዊው የፊልም ዳይሬክተር ስለ ፔድሮ አልሞዶቫር ነው። ሰውየው ከ1980 እስከ 2024 ድረስ ሃያ ሦስት ረጃጅም ፊልሞች ሠርቷል፤ ሁሉንም ላንሣ ብል እዚሁ ይነጋብናል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ በ1995 ለእይታ የበቃውን «የምስጢሬ አበባ»። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ። ፊልሙ በተራ ቁጥር አሥራ አንደኛው ነው፤ ከፊቱ አሥር፣ ከኋላው አሥራ ሁለት። የአልሞዶቫር ምርጥ ሥራ የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ይህን የሚጠራ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔም ምርጡ ነው ብዬ አልሟገትም። የምለው ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ከጩኸት ወደ ጭምትነት ሲሸጋገር እጅ ከፍንጅ የምንይዘው እዚህ ፊልም ላይ ነው። አሮጌው አልሞዶቫር ገና አልወጣም፣ አዲሱም ገና ቤቱን አልለመደም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጋፉ ይታያሉ።

ፊልሙ የሚጀምረው በአንዲት እናት ነው። ሁለት ወጣት ሐኪሞች ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ልጇ መሞቱን ሊነግሯት ይጣጣራሉ። አንጎሉ ሞቷል ይሏታል። እሷ ደግሞ ልጄ ይተነፍሳል እኮ ትላለች። የሚተነፍስለት መሣሪያው ነው ይሏታል፤ አይገባትም። ሐኪሞቹ ቃል እየመረጡ፣ እየተንተባተቡ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ይጠጋሉ፤ ንቅለ ተከላ የሚጠብቁ ሌሎች ሕመምተኞች አሉና የልጅዎን አካል ይለግሱ ይሆን? የተመልካቹ እንባ ዓይኑ ላይ ደርሶ ሳለ ነገሩ ሁሉ የሥልጠና ልምምድ መሆኑ ይገለጣል። እናቲቱ ማኑኤላ የምትባል ነርስ ናት፤ የእናት ቦታ ተሰጥቷት ትተውናለች። ሐኪሞቹ ደግሞ መርዶ መንገር እየተማሩ ነው።

ይህ ደራሲው ከራሱ አውጥቶ የፈጠረው ነገር እንዳይመስላችሁ። ስፔን ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅቷን ያቋቋመችው በ1989 ነው፤ በአካል ልገሳ ለረጅም ዓመታት ከዓለም ቀዳሚ ሆና የቆየችበት አንዱ ምክንያትም ከሟች ቤተሰብ ጋር የሚነጋገሩ ባለሙያዎችን አጥብቃ ማሠልጠኗ ነው። አልሞዶቫር ይህን የሆስፒታል ልምምድ ወስዶ የራሱን ጥያቄ ሠራበት፤ ለሐሰተኛ እናት የፈሰሰ እንባ ሐሰት ነው ወይ? መልሱን በቃል አይነግረንም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1999፣ «ሁሉም ስለ እናቴ» በተባለው ፊልሙ ማኑኤላ የምትባል ሌላ ነርስ ያንኑ ልምምድ ስትተውን እናያታለን። ጥቂት ቆይቶ አንድ ልጇ በመኪና ተገጭቶ ይሞትባትና ያው ጥያቄ ከእውነተኛ ሐኪሞች አፍ ይመጣባታል። ያ ፊልም በካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተርነትን ሽልማት፣ ቀጥሎም በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካርን አስገኝቶለታል። ዘሩ የተዘራው ግን እዚህ፣ በ«የምስጢሬ አበባ» የመጀመሪያ ደቂቃዎች ላይ ነው።

ወደ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ እንምጣ። ሊዮ ማሲያስ ትባላለች፤ የምትጫወታት ማሪሳ ፓሬዴስ ናት፣ በታኅሣሥ 2024 ያረፈችው ታላቅ ተዋናይት። ሊዮ አማንዳ ግሪስ በሚል የብዕር ስም የፍቅር ልብ ወለዶች ትጽፋለች። መጻሕፍቱ እንደ ጉድ ይሸጣሉ፤ ደራሲዋን ግን በመልክ የሚያውቃት የለም። ባሏ ፓኮ ብራስልስ የተመደበ የጦር መኮንን ነው፤ ትዳራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ እሷ ብቻ ማወቅ አልፈለገችም። አንድ ቀን ፓኮ የሰጣትን ቡት ጫማ ታጠልቃለች። ጫማው ጠባብ ነው፤ እግሯን አንቆ ይይዛታል፤ ብቻዋን ማውለቅ አቃታት። የቤት ሠራተኛዋ በዚያ ቀን የለችም። ስለዚህ እያነከሰች ወደ ማድሪድ ጎዳና ትወጣለች፤ ገንዘብ ልስጥህና ጫማዬን አውልቅልኝ ብላ አንድ የጎዳና ሰው እስከመለመን ትደርሳለች። በመጨረሻ የምትሄደው ሥልጠናውን ወደምትመራው ወዳጇ ወደ ቤቲ ነው፤ ጫማውን የምታወልቅላትም እሷው ናት።

ይህን ትዕይንት አንድ ሁለት ጊዜ መለስ ብላችሁ እንድታዩት እመክራለሁ። ወጣቱ አልሞዶቫር ቢሆን ኖሮ ጫማ ማውለቅ ያቃታት ሴት ጉዳይ የሳቅ ናዳ ይሆን ነበር፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ አንድ ሰው ከፎቅ ይወድቃል። እዚህም ያስቃል። ግን ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ይከዳችኋል፤ ሴትየዋ የምትለምነው ጫማ አውላቂ አለመሆኑ ሲገባችሁ ማለቴ ነው። ኋላ ላይ ደግሞ ቤቲ የፓኮ ውሽማ መሆኗ ሲታወቅ፣ ያ ጫማ ከማን እጅ መጥቶ በማን እጅ እንደወለቀ ታስታውሳላችሁ። ደራሲው ይህን አጉልቶ አያሳያችሁም። ራሳችሁ እንድታገኙት ትቶታል። እንዲህ መተው ለእሱ አዲስ ነገር ነበር።

ለምን አዲስ ሆነ? እስቲ በአጭሩ ከየት እንደመጣ እንይ። አልሞዶቫር የተወለደው በላ ማንቻ ምድር፣ ካልሳዳ ደ ካላትራቫ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። በስድሳዎቹ መጨረሻ ፊልም ሊማር ማድሪድ ገባ፤ የአምባገነኑ የፍራንኮ መንግሥት ግን የፊልም ትምህርት ቤቱን ዘጋው። በስልክ ድርጅቱ በቴሌፎኒካ ጸሐፊ ሆኖ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሠራ፤ ቀን ቀን ቢሮ፣ ማታ ማታ በትንሿ የሱፐር ኤይት ካሜራ ቀረጻ። ፍራንኮ በኅዳር 1975 ሲሞት ማድሪድ እንደ ተከፈተ ሶዳ ገነፈለች። ሞቪዳ የሚሉት የሙዚቃ፣ የፋሽንና የጭፈራ ዘመን መጣ፤ አልሞዶቫርም የዘመኑ አፍ ሆነ። በፊልሞቹ መነኮሳት ዕፅ ይወስዳሉ፣ የቤት እመቤት ባሏን በአሳማ እግር አጥንት ትገድላለች፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ዓይን ይወጋል። በ1988 «በነርቭ መፈንዳት አፋፍ ላይ ያሉ ሴቶች» የተሰኘው ፊልሙ ለኦስካር ታጭቶ ስሙን በዓለም አናኘው።

ከዚያ በ1993 «ኪካ» መጣ። እዚያ ፊልም ላይ የፋሽን ነዳፊው ዣን ፖል ጎልቲየ የሰፋላትን ልብስ የለበሰች፣ ካሜራ ራሷ ላይ የተሸከመች የቴሌቪዥን ሴት ደም ፍለጋ ከተማውን ታስሳለች። የአስገድዶ መድፈር ድርጊትም እንደ ቀልድ ተቀርጾበታል፤ ብዙ ተቺዎች በዚህ ክፉኛ ወረዱበት። በእኔ ግምት «ኪካ» የሚባለውን ያህል መጥፎ አይደለም፤ ስለ ቴሌቪዥን የተናገረውም ኋላ ደርሷል። ግን ድምፁ የመጨረሻው ጣሪያ ላይ ነው። ከዚያ በላይ መጮህ አይቻልም። ከጣሪያው የሚወጣበት ሌላ ፎቅ ስላልነበረው መውረድ ነበረበት።

ሲወርድ ብቻውን አልወረደም። ሥልት ተለወጠ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ዳይሬክተሩ አንድ ጠዋት ተነሥቶ የተገለጠለት ይመስለናል። ግማሹ ሚስጥር ያለው ከጎኑ በቆሙት ሰዎች ላይ ነው። «የምስጢሬ አበባ» ሲሠራ ካሜራውን የያዘው ብራዚላዊው አፎንሶ ቤያቶ ነበር፤ በ1969 ከዳይሬክተሩ ከግላውበር ሮሻ ጋር የሠራ ባለሙያ ነው። ሙዚቃውን የደረሰው አልቤርቶ ኢግሌሲያስ ነው። ሁለቱም ከአልሞዶቫር ጋር ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚህ በፊት የሙዚቃ ደራሲዎቹ ኤንዮ ሞሪኮኔም ሪዩይቺ ሳካሞቶም አንዳንድ ፊልም ሠርተውለት ሄደዋል። ኢግሌሲያስ ግን ቀረ፤ እነሆ እስከ 2024ቱ ፊልሙ ድረስ አብሮት አለ። የኢግሌሲያስ ክሮች ከተዋናይዋ ቀድመው አያለቅሱም፤ ከኋላዋ ይከተላሉ። የቤያቶ ብርሃንም እንዲሁ ነው። ቀዩ አልጠፋም፣ አሁን ግን ፊት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ፣ ኮት ላይ፣ ከሰው ጀርባ ተቀምጧል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለውጥ አንድ ላይ የሚታይበት ትዕይንት አለ፤ ፓኮ ወደ ቤት የሚመጣበት። ሊዮ ፈቃዱን ስትጠብቅ ሰንብታለች። ተዘጋጅታለች፣ ለብሳለች፣ ፓኤያ የሚባለው የስፔኖች የሩዝ ምግብ እንኳ ተሠርቶለታል። ሰውየው ከነወታደር ልብሱ ገባ። ኮሪደሩ ላይ ተቃቀፉ፤ እኛ ግን መተቃቀፉን በቀጥታ አናየውም፤ የምናየው በትንንሽ ቁርጥራጭ መስተዋት ውስጥ ነው፣ ሁለቱም በብዙ ቦታ ተከፋፍለው። ምንም ሳይናገሩ ትዳሩ የት እንደደረሰ አወቅን። ከዚያ አንድ ቀን መስሏት የነበረው ፈቃድ የሁለት ሰዓት ዕድሜ ብቻ እንዳለው ይነግራታል። ገላውን ይታጠባል፣ ስለ ሸሚዙ ይጨቃጨቃሉ፣ ፓኤያው ይቀዘቅዛል። ወደ ቦስኒያ ሰላም ሊያስከብር የሚሄድ ሰው ቤቱ ሰላም ማውረድ አቅቶታል። ሊወጣ ሲል ሊዮ ትዳራችንን የምናድንበት ትንሽም ብትሆን ዕድል አለ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። የለም ይላታል። በቃ፤ ይህችው ናት። ሙዚቃ አያጅባትም፣ ዕቃ አይሰበርም፣ ሽጉጥ አይወጣም። የ«ኪካ» ዳይሬክተር አንዲት «የለም» የምትል ቃል ብቻዋን እንድትቆም ፈቀደ። ለእኔ የሥልቱ መታጠፊያ ይህች ናት።

ሊዮ መድኃኒት ትውጥና ትተኛለች። ከሞት አፋፍ የሚመልሳት የስልኩ መልእክት መቀበያ ላይ የሚሰማው የእናቷ ድምፅ ነው፤ አሮጊቷ እህትሽ አስመረረችኝ፣ ወደ ሀገሬ ልግባ ብላ ታማርራለች እንጂ ልጇን ለማዳን የደወለች አይደለችም። ሊዮ እየተጎተተች ትነሣለች። ወጥታ ቡና ቤት ትገባለች፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ዘፋኟ ቻቬላ ቫርጋስ ስለ መጨረሻው ጽዋ ታዜማለች። ከዚያ ጎዳናው በነጭ ጋዋን ይሞላል፤ የሕክምና ተማሪዎች ሰላማዊ ሰልፍ ወጥተዋል። አንዲት የተሰበረች ሴት በወጣት ሐኪሞች ጎርፍ መሐል እየተገፋች ትሄዳለች፤ ፊልሙ የተጀመረበት ምስል ሌላ ፊቱን አሳየን። እዚህ ላይ ጋዜጠኛው አንሄል ያገኛታል። አንሄል የ«ኤል ፓይስ» ጋዜጣ የባህል አዘጋጅ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ደግ፣ የአማንዳ ግሪስ አድናቂ። ሊዮ ግን በእሱ ጋዜጣ ላይ በሌላ የብዕር ስም አማንዳ ግሪስን፣ ማለትም ራሷን፣ የምታብጠለጥል ጽሑፍ ሰጥታዋለች። የዚህ ነገር ቀልድ ራሱን የቻለ ዲስኩር ይወጣዋል፤ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደርሻለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ። በ1984 «እንዲህ የምሆነው ምን በድዬ ነው?» በተባለው ፊልሙ አንዲት አሮጊት ከማድሪድ ፎቅ ወጥታ ወደ ገጠር ለመመለስ ትመኛለች። መጨረሻ ላይ ከልጅ ልጇ ጋር አውቶቡስ ትሳፈራለች። አውቶቡሱ ይሄዳል፤ ካሜራው ግን ማድሪድ ይቀራል። ያኔ አልሞዶቫር ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው ይሸኛል እንጂ አብሮ አይሄድም ነበር። አሮጊቷን የተጫወተችው ቹስ ላምፕሬያቬ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በ«የምስጢሬ አበባ» ያቺው ቹስ ላምፕሬያቬ የሊዮ እናት ሆና መጣች፤ መነጽሯ ወፍራም፣ ምላሷ ስለታም፣ ከሌላዋ ልጇ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ የምትነታረክ። በዚህ ጊዜ መኪናው ወደ ላ ማንቻ ሲነሣ ካሜራው አብሮ ተሳፈረ። ቀዩ አፈር፣ ሜዳው፣ የአልማግሮ ከተማ ነጫጭ ቤቶች። ከአሥር ፊልም በኋላ ሰውየው የተወለደበት አካባቢ ገባ።

እዚያ እናትዬዋ ለልጇ የምትነግራት ነገር አለ። ሴት ልጅ ባሏን ካጣች፣ ሞቶባትም ይሁን ከሌላ ጋር ሄዶባት፣ የተወለደችበት መንደር መመለስ አለባት ትላለች፤ የመንደሩን ቤተ ጸሎት መሳለም፣ ከጎረቤት ጋር ደጅ መቀመጥ፣ ባታምንም እንኳ አብሮ መጸለይ። አለዚያ ቃጭል እንደሌላት ላም ጠፍታ ትቀራለች። ሊዮ እኔም ቃጭል እንደሌላት ላም ሆኛለሁ ትላለች። ቀጥሎ የጎረቤት ሴቶች ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ዳንቴል ሲሠሩ እናያለን፤ አልማግሮ በዳንቴሏ የታወቀች ናት። ያወራሉ፣ ያዜማሉ፣ እጃቸው አያርፍም። ሊዮ መሐላቸው ተቀምጣ ቀስ በቀስ ወደ ሰውነቷ ትመለሳለች። ካሜራው አይጣደፍም። ተመልካቹን ለማስገረም የሚደረግ አንድም ነገር የለም። ዳንቴል እያየ ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል።

እናትዬዋ ከየት እንደመጣች የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አልሞዶቫር ስለ ራሱ እናት ስለ ፍራንሲስካ ካባዬሮ ጽፏል። ቤተሰቡ ለተወሰነ ጊዜ በኖረበት በኤክስትሬማዱራ ገጠር እናቱ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶች ደብዳቤ ታነብላቸው ነበር። ልጁ አጠገቧ ቆሞ ሲያዳምጥ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር እየጨመረች እንደምታነብ ይገባዋል፤ የተረሳችው አያት ደኅና ናት ወይ ተብላ ትጠየቃለች፣ ያልተጻፈ ናፍቆት ይነበባል። ጎረቤቶቹም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። እኛም ሀገር ለጎረቤት ደብዳቤ እያነበበ ያደገ ተማሪ ልጅ ስንቱ ነው! አልሞዶቫር ሕይወት የጎደላትን ልብ ወለድ እንደሚሞላላት የተማረው ከዚያ እንደሆነ ተናግሯል። ሊዮም ሥራዋ ይኸው ነው፤ ችግሯ የራሷን ሕይወት ስታነብም ያልተጻፈ ፍቅር መጨመሯ ነው።

ስለ መጻፍ ካነሣን አሳታሚዋን አለማንሣት አይቻልም። ውሏ ላይ ፖለቲካ የለም፣ መከራ የለም፣ መጨረሻው ደስታ ይሁን ይላል። ሊዮ ግን ሐዘን ላይ ናትና ብዕሯ አልታዘዘላትም፤ ያመጣችው ልብ ወለድ ሌላ ሆነ። አባት ልጁን ሊደፍር ሲል ልጅቱ ትገድለዋለች፤ እናት ልጇን ለማዳን ሬሳውን በጎረቤት ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትደብቃለች። አሳታሚዋ ራሷን ልትስት ደረሰች፤ እውነታ መከልከል ያለባት ነገር ናት ብላ ጮኸች። ሊዮ ረቂቁን ቆሻሻ ውስጥ ትጥለዋለች፣ ሌላ ሰው ይሰርቀዋል፣ ለፊልም ይሸጠዋል። እውነተኛው ቀልድ የተፈጸመው ግን ከፊልሙ ውጭ ነው። በ2006 አልሞዶቫር ራሱ ያንኑ ታሪክ አነሣና «መመለስ» የተባለውን ፊልም ሠራበት፤ ፔኔሎፔ ክሩስ ሬሳ በምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ትደብቃለች፤ የሟቹም ስም ፓኮ ነው። እንደገና ላ ማንቻ፣ እንደገና ቹስ ላምፕሬያቬ። ያ ፊልም በካን የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ፤ የሴት ተዋናይነት ሽልማትም ለተዋናዮቹ በአንድነት ተሰጠ። አሳታሚዋ አላትምም ያለችውን ረቂቅ ዓለም አጨበጨበለት።

ፊልሙ እንከን የለውም ብዬ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። የቤት ሠራተኛዋና የልጇ ታሪክ ተለጥፎ የመጣ ይመስላል። ልጇን የሚጫወተው ሆአኪን ኮርቴስ የታወቀ የፍላሜንኮ ጨፋሪ ነው፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ፊልሙ ቆሞ እሱን ያያል። ዳንሱ ያምራል፣ ግን የሊዮን ታሪክ አንዲት እርምጃ አያራምድም። ፓኮም ቢሆን ሰው ሆኖ አልተጻፈም፤ በር ሆኖ ነው የተጻፈው፤ ገብቶ ይወጣል። ቦስኒያ ደግሞ ስሟ ይጠራል እንጂ አንዳች ነገር አትመዝንም፤ በ1995 ያቺ ሀገር በምን ላይ እንደነበረች ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህ ግድፈቶች ግን ይጠቅሙናል። በ2002ቱ «አናግራት» ላይ ዳንሱ ከታሪኩ ጋር እንዴት እንደተዋሐደ ስታዩ፣ እዚህ ያልተሳካው እዚያ እንደተሳካ ይገባችኋል። ፖለቲካውም በ2021ዱ «ትይዩ እናቶች» ስም መጥራት ብቻ አልሆነም፤ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የጅምላ መቃብር ይቆፈራል።

አንዳንዶች አልሞዶቫር ከዚህ ፊልም በኋላ አስቂኝነቱን ተወ ይላሉ። አልስማማም። ቹስ ላምፕሬያቬና ሮሲ ደ ፓልማ እናትና ልጅ ሆነው ሲነታረኩ ማንም ሰው ፊቱን ሊያኮሳትር አይችልም። የተለወጠው የሳቁ መጠን ሳይሆን የሳቁ ባለቤት ነው። ድሮ ደራሲው በገጸ ባሕርያቱ ይስቃል፤ አሁን እነሱው በራሳቸውና እርስ በርሳቸው ይሳሳቃሉ፣ እሱ ያዳምጣል። እንዲያውም እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ የኋለኞቹ ሥራዎቹ አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ የተጣሩ ይመስሉኛል፤ በ2024 በቬኒስ የወርቅ አንበሳውን ያስገኘለት «የጎረቤት ክፍል» ለምሳሌ አንድ የተዛነፈ ወንበር ቢኖረው ደስ ባለኝ። «የምስጢሬ አበባ» የተዛነፉ ወንበሮች ሞልተውታል፤ ሰው ይኖርበታል።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ፊልሙን የምታዩ ሁሉ ብቻውን አትዩት፤ መጀመሪያ «ኪካ»ን፣ ቀጥሎ ይህን፣ ከዚያ «መመለስ»ን በተከታታይ ተመልከቱ። ሦስቱን በሦስት ምሽት ያየ ሰው ከእኔ ዲስኩር የበለጠ ይማራል። ፓኮ «የለም» የሚልበትን ትዕይንት በተመለከተ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያለው ካለ መድረኩ ክፍት ነው፤ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።